ከወንዝ ዳር ያለው የጠጠርና የአሸዋ መሬት፦ ጠባዩን ዐውቀን እንረሰው



ፊደል ቈጥራችሁ ቃል ማንበብ ጀምራችኋል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈልም ተምራችኋል። ዛሬ ይህን ዕውቀት ይዘን ወደ ማሳ እንወርዳለን።

የዛሬው ትምህርት ስለ አንድ ዓይነት መሬት ነው። ከወንዝ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ደልዳላ የሆነ፣ አሸዋና ጠጠር የበዛበት መሬት ነው። ይህ መሬት ለዓይን ያምራል። ለበሬ ይቀላል። ውሃም ቅርብ ነው። ነገር ግን ዝናብ ለአንድ ሳምንት ሲያቋርጥ፣ ከሌላው መሬት ሁሉ ቀድሞ ቡቃያው የሚጠወልገው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ታዲያ ከወንዝ አጠገብ ሆኖ እንዴት ይጠማል? በብድር የመጣው ማዳበሪያስ የት ገባ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልሳለን።

፩. መሬቱ ከየት መጣ?

ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ አይታችሁታል። ውሃው ይደፈርሳል። ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ድምፁ ይሰማል። ወንዙ ሦስት ዓይነት ጭነት ይዞ ይሄዳል። ከባዱ ድንጋይና ጠጠር ከሥር ይንከባለላል። አሸዋው እየዘለለ ይከተላል። ቀላሉ ጭቃ ግን ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይሄዳል።

ውሃው ጕልበት ሲያጣ ጭነቱን ያራግፋል። መጀመሪያ ከባዱን ይጥላል፤ ቀጥሎ አሸዋውን፤ መጨረሻ ላይ ጭቃውን። ስለዚህ ውሃው በኃይል ካለፈበት ቦታ ጠጠርና አሸዋ ይቀራል። ውሃው ተኝቶ ከሰነበተበት ቦታ ደግሞ ጭቃ ይቀራል። አዋሽ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ነበርና፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይቆማል፤ ጭነቱንም እዚያው ይጥላል። በዚህ ምክንያት ቆቃ ብዙ ደለል ተቀምጦበታል።

እንግዲህ ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ አልጋውን ወደ ታች እየቈፈረ ይወርዳል። የቀድሞው አልጋ ከላይ ይቀራል። ከላይ የቀረው መሬት በወንዙ ግራና ቀኝ እንደ ቤት ደረጃ ሆኖ ይታያል። እኛም «የወንዝ ደረጃ» እንበለው። አንዳንድ ቦታ አንድ ደረጃ ብቻ አለ። አንዳንድ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለው የጥንቱ ነው፤ ዝቅ ያለው የቅርቡ ነው።

አዋሽን ለምሳሌ እንውሰድ። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል። ወደ ቆቃ ወርዶ ስምጥ ሸለቆን ይዞ ወደ አፋር ይሄዳል። 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ውሃው ከቈረጠው ዳርቻ ላይ የጠጠር፣ የአሸዋ፣ የጭቃና የእሳተ ገሞራ ዐመድ ንብርብር ይታያል። በንብርብሩ ውስጥ የጥንት ሰዎች ከድንጋይና ከባልጩት የሠሩት መሣሪያ ተገኝቷል። አንዳንዱ መሣሪያ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። የወንዝ ደረጃ አፈር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተነባብሮ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የላዩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም።

፪. በምን እናውቀዋለን?

አራት መንገዶች አሉ። ገንዘብ አይጠይቁም።

ሀ/ ድንጋዩን እዩ። ወንዝ ያንከባለለው ጠጠር ድቡልቡልና ልስልስ ነው። ከተራራ ተንዶ የመጣ ጠጠር ግን ስለታም ነው። ማሳችሁ ውስጥ ድቡልቡል ጠጠር ካለ፣ ወንዙ ዛሬ ሩቅ ቢሆንም እንኳ ድሮ በዚያ አልፏል ማለት ነው።

ለ/ በእጅ ጨብጡ። አንድ እፍኝ አፈር በውሃ አርጥቡና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተፈረፈረ አሸዋ በዝቶበታል። እንደ ሊጥ ተድቦልብሎ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ጥብጣብ ከተሳበ ግን ሸክላ አፈር ነው። ሸክላ አፈር ማለት ድስትና ጀበና የሚሠራበት፣ የሚያጣብቀው አፈር ነው።

ሐ/ በጠርሙስ ለኩ። የማያስተላልፍ ሳይሆን ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ አምጡ። ጠጠሩ የተለየለትን አፈር እስከ ሢሶው ጨምሩ። በላዩ ውሃ ሙሉበትና በደንብ በጥብጡት። ከዚያ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው፣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ከሥር ይቀመጣል። ደቃቁ ደለል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሰፍርበታል። ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በማግሥቱ በማስመሪያ ለኩት። አፈሩ በሙሉ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ አሸዋው 9 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ዘጠኝን ለዐሥራ ሁለት ስናካፍል ሦስት አራተኛ ይመጣል። ስለዚህ ከ100 እጅ 75 እጁ አሸዋ ነው ማለት ነው።

መ/ ቈፍሩ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በዶማ አንድ ሜትር ያህል ቈፍራችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። ደቃቁ አፈር ስንት ስንዝር ነው? ጠጠሩ ከየት ይጀምራል? ከላይ አንድ ስንዝር አፈር ብቻ ካለውና ከአራት ስንዝር በላይ ካለው መሬት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ጕድጓድ ብቻ አይበቃም። ወንዙ ድሮ የሄደበት ቦይ በማሳው ውስጥ እንደ መስመር ሆኖ ይገኛል። በአንድ ማሳ ላይ እህሉ በመስመር ቀጭጮ፣ ግራና ቀኙ ያማረ ሆኖ ካያችሁ፣ ከሥሩ የድሮው ቦይ ጠጠር መኖሩን ጠርጥሩ።

የጠጠሩንም ብዛት መለካት ይቻላል። 10 ጣሳ አፈር በወንፊት ንፉ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ጠጠር 3 ጣሳ ከሞላ፣ ወደ ሢሶ የሚጠጋው ጠጠር ነው። ባለሙያዎች ጠጠር የሚሉት ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ነው።

፫. ጠባዩ ምንድን ነው?

መልካሙን በማስቀደም እንጀምር።

ይህ መሬት ለማረስ ይቀላል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት በሬ ይገባበታል፤ ቀንበርና ሞፈር አይከብድበትም። መረሬ መሬት ግን ሲርስ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጠጠርና የአሸዋ መሬት ውሃ አይተኛበትም። ሥር እንደ ልቡ ይተነፍስበታል፤ ድንችና ለውዝ ሲቈፈርም በቀላሉ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ጕድለቱን እንይ።

አንደኛ፣ ውሃ ያሳልፋል። አሸዋ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ያሰርጋል። ሸክላ አፈር በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያሰርገው። በመስኖ ጊዜ ውሃው በማሳው ራስ ላይ ሰምጦ እታች ጫፍ ሳይደርስ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ አይዝም። ይኼ ዋናው ነገር ስለሆነ ከታች በቍጥር እናሰላዋለን።

ሦስተኛ፣ ምግቡ ታጥቦ ይወርዳል። ሸክላና ብስባሽ የተክልን ምግብ አጥብቀው ይይዛሉ። አሸዋና ጠጠር ግን መያዣ የላቸውም። ዩሪያ ተዘርቶ ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ፣ ዩሪያው ቀልጦ ከውሃው ጋር ከሥሩ በታች ይወርዳል። ገበሬው ዕዳውን ይከፍላል፤ እህሉ ግን ማዳበሪያውን አልበላውም።

አራተኛ፣ ያታልላል። ቶሎ ስለሚታረስ ቶሎ ለመዝራት ይጋብዛል። የመጀመሪያው ካፊያ ዘሩን ያበቅለዋል። ቀጥሎ ዝናብ ሲጠፋ ቡቃያው ይደርቃል። ዘር ሁለት ጊዜ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ መሬት ላይ ዝናቡ መደላደሉን ሳታዩ፣ አፈሩም ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ታች መራሱን በዶማ ሳታረጋግጡ ዘራችሁን አትበትኑ።

፬. በቍጥር እናስላው

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱም አንድ ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ይህን ያዙልኝ።

የእህሉ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ወርዷል እንበል።

በአሸዋ መሬት፦ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋማ አፈር በካሬ ሜትር 60 ሊትር ያህል ውሃ ለተክል ይይዛል እንበል። ሥሩ የወረደው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚያገኘው 36 ሊትር ነው። ነገር ግን ከዚህ መሬት ሢሶው ጠጠር ነው። ድቡልቡሉ የወንዝ ጠጠር ቦታ ይይዛል እንጂ ውሃ አያጠጣም። ስለዚህ ከ36 ላይ 12 ይቀነሳል። 24 ሊትር ይቀራል። አንድ ጀሪካን ከትንሽ ማለት ነው።

በመረሬ መሬት፦ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ አፈር 200 ሊትር ያህል ይይዛል። በ60 ሳንቲ ሜትር 120 ሊትር ይሆናል። ስድስት ጀሪካን ማለት ነው።

ተክል ውሃው እስኪያልቅ ድረስ አይጠብቅም። ብዙው አዝርዕት ግማሹ ሲያልቅ መጠማት ይጀምራል። እህሉ በቀን ከካሬ ሜትር 4 ሊትር ይጠጣል ብንል፦

በጠጠርና አሸዋ መሬት፦ የ24 ግማሽ 12፤ 12 ለ 4 ሲካፈል 3 ቀን።

በመረሬ መሬት፦ የ120 ግማሽ 60፤ 60 ለ 4 ሲካፈል 15 ቀን።

አያችሁ? ዝናብ የዘነበው በአንድ ቀን፣ በእኩል መጠን ነው። አንዱ ማሳ በአራተኛው ቀን ይጠማል። ሌላው ሁለት ሳምንት ይታገሣል። የስንፍና ጕዳይ አይደለም፤ የአፈሩ ጠባይ ነው። ወንዙም ቢቀርብ ከደረጃው በታች ስለሚሄድ፣ ውሃውን ካላወጣነው ሥሩ አይደርስበትም።

፭. ታዲያ ምን እናድርግ?

ፍግና ብስባሽ እናግባበት። ለዚህ መሬት ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ይህ ነው። ብስባሽ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ምግብም ይይዛል። ብዙ ጊዜ ፍጉን ኩበት አድርገን እናነደዋለን፤ መሬቱ ጦሙን ያድራል። ማገዶ እንደሚቸግር እናውቃለን። ቢሆንም ዐመዱንም፣ የከብት ማደሪያውን ጥራጊም፣ የአረሙን ቅጠልም፣ የእህሉን እብቅም በጕድጓድ ወይም በክምር አበስብሰን እናውጣው። አንድ ጊዜ አግብቶ መተው አይበቃም። አየር በሚገባበት በአሸዋ መሬት ብስባሹ ቶሎ ያልቃል። በየዓመቱ መጨመር አለበት። ለሙሉ ማሳ የማይበቃ ከሆነ ሁሉ ቦታ ከመበተን በየትልሙ ወይም በየተከላው ጕድጓድ ማድረግ ይሻላል።

ማዳበሪያን ከፋፍሉ። ዩሪያን በአንድ ቀን ከመዝራት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይገባል። እህሉ ሲያድግ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ ከተክሉ አጠገብ አድርጎ አፈር ማልበስ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲያጕረመርም አትዝሩት።

ውሃን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። በመስኖ ይህን መሬት አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ውሃን ወደ ታች መድፋት ነው። ትልሙ አጭር ይሁን። ዋናው ቦይ ጠጠር ላይ የሚያልፍ ከሆነ በሸክላ ጭቃ ረግጣችሁ ለስኑት። የውሃ ተራ ስትደለድሉም ይህን አስቡ። የአሸዋ ማሳ ያለው ሰው አጭር ጊዜ፣ ግን በቶሎ የሚመለስ ተራ ያስፈልገዋል። ረጅም ጊዜ ሰጥቶ ከ15 ቀን በኋላ ና ማለት አይጠቅመውም።

ጠጠሩን ሁሉ አትልቀሙ። ማረሻ የሚሰብረውን ትልቁን ድንጋይ አውጡ። በእርሱም ከማሳው ጫፍ እርከን ሥሩበት። ትንንሹ ጠጠር ግን ከላይ ሲሆን አፈሩን ከዝናብ ዱላ ይጠብቃል፤ ፀሐይም እርጥበቱን ቶሎ እንዳትወስድ ይከልላል።

ገለባ ከተገኘ አልብሱት። ከብት የሚበላው እንደሚጐድል እናውቃለን። የማይበላውን አገዳና ቅጠል እንኳ ብትተዉለት መሬቱ ይጠቀማል።

፮. ምን እንዝራበት?

ለቆላና ለወይና ደጋ፦ ለውዝ፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ። ማሽላ ድርቅ ይችላል። ቦሎቄና ለውዝ በሥራቸው ላይ ባሉት እንክብሎች አማካይነት ከአየር ምግብ ወስደው መሬቱን ይረዳሉ። ስለዚህ ማሽላና ቦሎቄን ማፈራረቅ ወይም ማሰባጠር ጥሩ ነው። በመስኖ ከሆነ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ካሮት ይሆናሉ።

ለደጋ፦ ድንችና ገብስ ይሆናሉ፤ ብስባሽ ግን አይለያቸው።

ከዘር ውስጥ ቶሎ የሚደርሰውን ምረጡ። ዘግይቶ የሚደርስ ዘር ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ እዚህ መሬት ላይ አይተርፍም። ሽንብራና ጓያ በቀረ እርጥበት የሚበቅሉ ስለሆኑ ለመረሬ ተዉአቸው።

፯. የወንዙ ዳር ይከበር

እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ማረስ ትርፍ ይመስላል። አይደለም። አሸዋና ጠጠር እርስ በርሱ አይጣበቅም። ሣሩና ሥሩ ከተነቀለ ውሃው ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ከላይ ይናዳል። ዛሬ አንድ ትልም የጨመረ ገበሬ ነገ ዐሥር ትልም ያጣል። ስለዚህ ከአፋፉ ወዲህ ጥቂት ሜትር ለዝሆኔ ሣር፣ ለቀርከሃ፣ ለሰስባንያና ለአገር በቀል ዛፎች እንተው። ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ልቅ ግጦሽ ግን አይግባበት። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው አይጸናም። ላይኛው ሲተክል ታችኛው ካረሰ ዳርቻው ይናዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው በማኅበር መሠራት አለበት።

ለቤት መሥሪያ የሚሸጥ አሸዋና ጠጠርም ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን ከዳርቻው ሥር ሲወሰድ ማሳው ይናዳል፤ ጕድጓዱም ሕፃንና ከብት ያሰጥማል። የት፣ ስንት፣ በማን እንደሚወጣ በስብሰባ ይወሰን።

ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ቤትና ጎተራ አይሠራ። ወንዝ የድሮ አልጋውን አይረሳም። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

፰. የጕድጓድ ውሃ

በጠጠር መሬት ላይ ጕድጓድ ሲቈፈር ውሃው ብዙና ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ጠጠሩ ውሃ እንደሚያሳልፍ ሁሉ ቆሻሻም ያሳልፋል። ሸክላ አፈር ያጣራል፤ ጠጠር አያጣራም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በጠጠር መሬት ከዚያም ይብለጥ። ከጕድጓዱ በላይ በኩል ሳይሆን በታች በኩል ይቈፈር። የፀረ ተባይ መርጫ ዕቃም ከጕድጓድ ወይም ከወንዝ አጠገብ አይታጠብ። የሚጠጣው ውሃ ይፈላ። በሕፃናት ተቅማጥ የምናጣቸውን ልጆች ማሰብ ነው።

፱. መሬት ስንካፈል

ወንድማማች የአባቱን መሬት ሲካፈል፣ ወይም ወጣቶች በማኅበር ወንዝ ዳር መሬት ሲሰጣቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚለካው በገመድ ብቻ ነው። አንዱ ግማሽ ሄክታር መረሬ፣ ሌላው ግማሽ ሄክታር ጠጠር ይደርሰዋል። በገመድ እኩል ነው። ከላይ ባሰላነው ግን አንዱ 15 ቀን ይታገሣል፤ ሌላው 3 ቀን። ይህ እኩል አይደለም። ስለዚህ ከመካፈላችሁ በፊት በየማሳው ቈፍራችሁ፣ ሽማግሎች ባሉበት አፈሩን አይታችሁ ተካፈሉ። ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማ ሁልጊዜ ጠጠሩ እንዳይደርሳቸው ተጠንቀቁ። በሬና ጕልበት ለሌለው ሰው ጠጠር መሬት መስጠት ሁለት ጊዜ መበደል ነው።

አዲስ ቃላት

ደለል፦ ወንዝ አምጥቶ የጣለው ደቃቅ አፈር።
የወንዝ ደረጃ፦ ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀረው የድሮ አልጋ።
ሸክላ አፈር፦ ደቃቅና የሚያጣብቅ፣ ውሃ የሚይዝ አፈር።
ብስባሽ፦ የበሰበሰ ቅጠል፣ ገለባና ፍግ።
ካሬ ሜትር፦ ወርዱም ርዝመቱም አንድ ሜትር የሆነ ቦታ።

ጥያቄዎች

1. ወንዝ ጕልበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚጥለው ምንድን ነው? ጠጠር፣ አሸዋ ወይስ ጭቃ?
2. በማሳ ውስጥ ድቡልቡል ጠጠር ብታገኙ ምን ትረዳላችሁ?
3. ዩሪያ በአንድ ጊዜ ቢዘራ በጠጠር መሬት ላይ ምን ይሆናል?
4. ስሌት፦ ከ10 ጣሳ አፈር 5ቱ ጠጠር ሆነ። ጠጠር ባይኖርበት መሬቱ 36 ሊትር ውሃ ይይዝ ነበር። ጠጠሩ ግማሹን ሲወስድ ስንት ሊትር ይቀራል? ከቀረው ግማሹ ሲያልቅ እህሉ ይጠማል። በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ ስንት ቀን ይቈያል?

(መልስ፦ 18 ሊትር ይቀራል። ግማሹ 9 ሊትር ነው። ከ2 ቀን ጥቂት ይበልጣል።)

የተግባር ሥራ፦ አምስት አምስት ሆናችሁ በአንድ ማሳ ሦስት ቦታ ቈፍሩ። ደቃቁ አፈር ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ ጠጠሩ ከ10 ጣሳ ስንት ጣሳ እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን በሚቀጥለው ትምህርት ቀን ይዛችሁ ኑ፤ ለክፍሉ ታነቡታላችሁ።